በሩ ላይ የቆመው ጨዋታ

ሰሞኑን የልጅ ልጄ ሃና በስልኳ ስትጫወት የማውቀው ዜማ ጆሮዬ ገባና ድንች መላጤን ተውኩት። ጠጋ ብዬ ባይ ያ ሰውዬ ነው፤ ጉድጓድ የሚዘለው፣ ከመሬት ጎመን እየነቀለ የሚወረውረው!

«ይሄ እኮ የጨዋታው ሁለተኛ ክፍል ነው» አልኳት።

«እማማ! አንቺ ደግሞ በምን አወቅሽ? ይሄ እንደ አዲስ ተሠርቶ የወጣ ነው» አለች።

ሥዕሉ አምሮበታል፤ አዘላለሉ ግን ያው ነው።

ልጅ ሆነን፣ ድሬ ከዚራ ሰፈር ስንኖር፣ የጎረቤታችን የፎዚያ አባት ጨዋታውን ከነማሽኑ ከጅቡቲ በባቡር አመጡላት። የመጀመሪያውን ክፍል ጨርሰነዋል። ጨርሰነዋል ስል፣ ቁልፎቹ ያሉበት መያዣ ከእሷ እጅ አይወጣም። እኔ ትምህርት ቤት ያልገባሁ ስለሆንኩ የሚሆንልኝ አይመስለኝም ነበር፤ ከጎኗ ኦቾሎኒ እየፈለፈልኩ «ዝለይ! ዝለይ!» ማለት ነው ሥራዬ። ሁለተኛው ግን አስቸገረን። ማሽኑ ከጠፋ ደግሞ ሁሉም ከሀ ይጀመራል።

ፎዚያ ተድራ ወደ ጅቡቲ ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት የመጨረሻው በር ላይ ደረስን። ልክ ያኔ ሂና ሊቀቧት ጠሯት።

«ዘኒ፣ ወላሂ ማንም እንዳይነካው! ዛሬ ካልጨረስነው መቼም አንጨርሰውም» ብላ ማሽኑን ሳታጠፋ ጨዋታውን አቁማ ወጣች።

የድሬን ቀትር ታውቁታላችሁ፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ውሻው ሳይቀር የደቻቱ ድልድይ ሥር ይገባል። ምንጣፉ ላይ ጋደም አልኩ። ስነቃ ደስ የሚል ነፋስ ፊቴን ይዳብሰኛል። ለካ የፎዚያ እናት አዴ ሙሚና ላቤን አይታ አዝናልኝ፣ ክፍሉ ያለው አንድ ሶኬት ነውና፣ የጨዋታውን ነቅላ ቬንትሌተሩን ሰክታልኛለች!

ፎዚያ ሁለት እጇ በጨርቅ እንደተጠቀለለ መጥታ አየችው። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ።

«ልጆቼ፣ ምን አጠፋሁ?» አለች አዴ ሙሚና ደንግጣ።

«ምንም አላጠፋሽም፣ አዴ» አለቻት ፎዚያ። መጥታም አጠገቤ ተቀመጠች። «አቦ አታልቅሺ! እጄን ተመልከቺው፣ ምን ሊይዝልኝ? በይ አንቺ ያዢው፤ ዛሬ የምጮኸው እኔ ነኝ።»

የመጀመሪያው ጉድጓድ ውስጥ ሦስቴ ወደቅኩ። «ዝለይ እንጂ አንቺ! ጎመን ልትነቅይ ነው እንዴ የመጣሽው?» ትለኛለች። እስከ መግሪብ ስንስቅ ዋልን። በሩ ጋ አልደረስንም። እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ፣ ሳልሞክረው «አይሆንልኝም» ያልኩት ነገር ጥቂት ነው። አዴ ሙሚናን አላህ ይዘንላት፤ ያን ሶኬት ባትነቅለው መያዣውን መቼ እነካው ነበር?

ትናንት ሃና የመጨረሻው በር ላይ ደርሳ ልትገባ ስትል እጇን ያዝኳት።

«እዚያው ተይው። ፎዚያ ለአረፋ ትመጣለች።»

«ይጠብቃታል፣ እማማ። ስልኩ ቢጠፋ እንኳ የቆመበት አይጠፋም» አለችኝ።

እኔም ቬንትሌተሩን ወደ ራሴ አዞርኩና ጋደም አልኩ።