ሽልማት ያመጣው ነጭ ሽንኩርት

ታክ ዩንሆ በኮሪያ ሞክፖ ወደብ የሠራቸውን ሦስት ፊልሞች ያየለት ዘመድ ብቻ ነበር፤ ዘመዱንም ግማሽ ላይ ሳይደርስ እንቅልፍ ይጥለው ነበር። አራተኛው ስለ ሰው ልጅ ብቸኝነት ነበር። በአክስቱ በወይዘሮ ቦክሱን ዓሣ መሸጫ ሲቀርጹ፣ ካሜራ የምትይዘው ሚስቱ ሄራን ካሜራውን ሳታጠፋ ምሳ ሄደች። ሴትዮዋ ነጭ ሽንኩርት እየላጡ ጎረቤታቸውን ሲያሙ አንድም ሳይቀር ተቀረጸ።

«የከረመ ዓሣ ‘አሁን የወጣ ነው’ እያለች ትሸጣለች! ዓይነ ደረቅ!»

ዩንሆ ፊልሙ ስላጠረበት ይህንንም ቀጠለበት።

ሴኡል በተካሄደ የፊልም ውድድር ላይ ዳኞች አንደኛ አሉት። መድረክ ላይ አቁመውም «ያ የሽንኩርት ትዕይንት እንዴት መጣልዎት?» ሲሉ ጠየቁት።

ዩንሆ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ «ለዓመታት አምጬዋለሁ» አለ።

ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው። ሄራን ሳቋን መቆጣጠር ቢያቅታት ፊቷን በመሐረብ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አጠገቧ የተቀመጡ አሮጊት ጀርባዋን እያሻሹ፣

«አይዞሽ ልጄ፣ እኔንም አስለቅሶኛል» አሏት።

ዩንሆ ዛሬ በአንድ ኮሌጅ ትዕይንትን አስቀድሞ ስለማቀድ ያስተምራል።