ከመስቀሉ በላይ አንቱ የተባለው እንግዳ

ሮሜድን የማያውቅ ሰው ተጠራጣሪ ነው ይለዋል። የሚያውቀው ደግሞ ከዚያ የባሰ ይለዋል። እኔ ቡርጊ፣ ተራራው ላይ ያለችውን ትንሽ ምግብ ቤት የማስተዳድረው፣ የአጥር ጎረቤቱም ስለሆንኩ የምለው አላጣም። ግን ተጠራጣሪነቱ እንጀራው እንደነበር አይካድም። ዕድሜውን ሙሉ የኖረው በረዶ ላይ የሚንሸራተተውን ስኪ ተጫዋች ሽቅብ በሚጎትተው ገመድ ሥር ቆሞ ነው። የሌላ ሰው ቲኬት ይዞ የመጣውን ፊቱን እንኳ ሳያይ፣ ከጉልበቱ አተጣጠፍ ብቻ ይይዘው ነበር። "ና ውረድ! የዚህ ቲኬት ባለቤት ትናንት በግራ ነበር የሚዞረው፤ አንተ በቀኝ ትዞራለህ" ይላል። ሰውዬውም አንገቱን ደፍቶ ይወርዳል።

ቴሌቪዥን ላይ የአየር ጠባይ የሚያነበውን ሰውዬ እንኳ አይምረውም። "እየው እስቲ፣ ለእኛ ነገ ፀሐይ ነው ይላል፣ እሱ ግን ጃንጥላውን በር ላይ አዘጋጅቶ ነው የመጣው" ይል ነበር።

በእኛ ተራራ አንድ ደንብ አለ። ከመንደሩ በላይ፣ ጥዱ ከሚያልቅበት ቦታ አንድ የእንጨት መስቀል ቆሟል፤ ከዚያ መስቀል በላይ አንቱ መባባል የለም። ታች ቄሱም ከንቲባውም አንቱ ናቸው። መስቀሉን ካለፉ ግን ሁሉም አንተ፣ ሁሉም አንቺ ነው። ደንቡ የሁላችን ቢሆንም እንደ ሮሜድ የጠበቀው የለም። የባንክ ሥራ አስኪያጅም ይሁን ጳጳስ፣ ሽቅብ የሚገፋውን የገመዱን ዘንግ ከመቀመጫው ሥር እየሻጠለት "ቀጥ በል፣ አትቀመጥበት!" ይለዋል። "እርስዎ" ብሎ የመለሰለትን ደግሞ "እርስዎን ታች ትተኸው ና" ብሎ ያርመዋል።

ሚስቱ ሌኒ ከሞተች ቆይቷል። ገመዱም ተነቅሎ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ በሚሄድ የመስታወት ሳጥን ተተክቷል፤ ሰው አሁን እንደ ዕቃ ታሽጎ ነው የሚወጣው። ለሮሜድ የቀረው ቤቱ ነው። ቤቱ ከሸርታቴው ሜዳ ግርጌ ስለሆነ ሆቴል ሠሪዎች በዓይናቸው ሲበሉት ኖረዋል። የመጡትን ሁሉ እዚያው በር ላይ ይመልሳቸዋል። "እኔ ከዚህ የምወጣው በአራት ሰው ትከሻ ነው" ይላል። ይህን ሲል ቀልድ እንዳይመስላችሁ።

አንድ ልጁ ጌብሃርድ ሲንጋፖር ነው የሚኖረው። ሚስቱን ቬሬናንና ልጁን ፊናን ይዞ በየክረምቱ ለስኪ ይመጣል። ፊና በረዶ የምታውቀው ብርጭቆ ውስጥ ስለሆነ በየዓመቱ እንደ አዲስ መውደቅ ትማራለች። ዘንድሮ ግን ከመኪናው አራተኛ ሰው ወረደ። መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰው ነው፤ የለበሰው ሁሉ ገና ከሱቅ የወጣ።

"ታሲሎ ይባላል" አለን ጌብሃርድ። "ቪየና አብረን ነው የተማርነው።"

እኔ ሳይጠየቅ የሚያብራራ ሰው አልወድም።

በማግስቱ ጠዋት ሮሜድ አጥሩ ጋ መጣ።

"ቡርጊ፣ ያ ሰውዬ ምን መሰለሽ?"

"ስኪ የማይችል ሰው።"

"ስኪ የማይችል ሰው ለስኪ ዕረፍት ምን ያመጣዋል? ትናንት ምሳ ምን በላህ አለኝ።"

"ምን አልከው?"

"ምነው፣ ልትከፍልልኝ ነው ወይ አልኩት።" ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የምድጃዬን በር ከፍቶ አየ። ደረጃውን ወጥቶ ወረደ፣ መደገፊያውን ነቀነቀ። ማቀዝቀዣዬን ከፈተው ስልሽ! ቅቤ ፈልጌ ነው ይለኛል። ቅቤው እኮ ጠረጴዛው ላይ ነበር።"

"ገዢ ነው" አልኩት።

"ገዢ ነው" አለ እሱም። ሁለታችንም ቀለል አለን፤ የጠረጠሩት ነገር ስም ሲያገኝ እንዲህ ያደርጋል።

ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከዚያ ቤት አልነቀልኩም። ከሁሉ ይበልጥ ያላመንኳት ቬሬናን ነው። አማቷን በየሰበቡ ታቅፈዋለች፣ እያቀፈች ደግሞ በትከሻው ላይ አሻግራ ክፍሉን ትቃኛለች። አንድ ቀን በረዶ ስጠርግ መጣችና "ቡርጊ፣ ቤቱ ለአባባ አልከበደውም ትያለሽ?" አለችኝ።

"ምን ይከብደዋል? ቤቱ ነው እሱን የተሸከመው፣ እሱ ቤቱን አልተሸከመ" አልኳት።

ሳቅ ትላለች ብዬ ስጠብቅ አፍንጫዋ ቀላ። ጭራሽ ማልቀስ አማራት እንዴ ብዬ ተናደድኩ። ሰውን ከቤቱ ለማስወጣት ዕንባ ቀርቷት ነበር!

ሌላም ያየሁት ነገር አለ። ጌብሃርድና ታሲሎ አብረው የተማሩ ናቸው ይባላል እንጂ አንዱ ሌላውን በቀጥታ ሲያናግር ሰምቼ አላውቅም። "ታሲሎ ሻይ ይወዳል" ይላል ጌብሃርድ፣ ሰውዬው አጠገቡ ቆሞ። ጓደኛ እንዲህ አይወራም።

ከዚያ ደግሞ የሰዓቱ ነገር መጣ። ሮሜድ ሊያብድ ደርሶ ወደ እኔ ሮጠ።

"ወረቀትና እርሳስ ሰጠኝ! ለፊና ሰዓት ሣልላት፣ ጨዋታ ነው አለኝ።"

"ሰዓት?"

"ክቡን ሣለው፣ ቁጥሮቹን አስገባ፣ ዘንጎቹን አድርግ ይለኛል። ገባሽ? የእጄን አጣጣል ሊቀዳ ነው። ከዚያ ፊርማዬን ያስመስላል!"

"ሣልክለት?"

"ቂል አይደለሁም። ክቡን ሣልኩና ሽንት ቤት ገባሁ፤ እስኪተወው ድረስ አልወጣሁም።"

ጎበዝ አልኩት። ከልቤ ነው ያልኩት።

በዕረፍታቸው መጨረሻ አካባቢ፣ ፀሐይ በወጣበት ቀን ሁሉም ወደ እኔ ምግብ ቤት ወጡ። ሮሜድ የመስታወቱን ሳጥን እየረገመ መጣ፤ ከውጭው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አረቄውን ያዘ። እኔ በእንቁላል ያበጠውን ጣፋጭ ቂጣ መጥበሻው ላይ ቆራርጬ ከፕሪም ማርማላታ ጋር አቀረብኩላቸው። ታሲሎ የመጨረሻው ሆኖ ከላይ ሲወርድ ታየ። ጉልበቱ ደርቋል፣ እጆቹን ዘርግቷል፣ ማቆም አይችልም። እየጮኸ መጥቶ የማገዶ ክምሬ ውስጥ ገባ።

ጌብሃርድ ሹካውን ወርውሮ ሮጠ። "ዶክተር! ተጎዱ እንዴ? እስቲ እግርዎን ያንቀሳቅሱ!"

ደጁ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ከዚያ የስኪ አስተማሪዎቹ ጠረጴዛ በሳቅ ፈነዳ። "እርስዎ አለ! ከመስቀሉ በላይ እርስዎ አለ! ቅጣቱን ለሁላችንም ያስቀዳ!"

ሮሜድ ግን አልሳቀም። አየኝ፣ አየሁት። በእኛ አገር ጠበቃውም ዶክተር፣ ውል አዋዋዩም ዶክተር ይባላል። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው፤ ውሉ ተዘጋጅቷል።

አረቄውን አስቀምጦ ተነሣ። "ጌብሃርድ፣ አብሮህ የተማረን ሰው አንቱ የምትለው ከመቼ ወዲህ ነው?"

"አባዬ፣ ተቀመጥ፣ ላስረዳህ…"

"ጠበቃ ይዘህ መጣህብኝ! በገዛ ቤቴ አሳደርኩት፣ አልጋዬን ለቀቅኩለት! እናትህ የሞተችበትን ቤት ልትሸጥ!"

"ጠበቃ አይደለም።"

"ታዲያ የምን ዶክተር ነው?"

ጌብሃርድ ሚስቱን አያት። የመለሰችው ቬሬና ናት። "የመርሳት ሕመም ሐኪም ነው፣ አባባ። እኔ ነኝ ያመጣሁት።"

ሮሜድ ወደ ልጁ ሚስት ዞረ።

"እሑድ እሑድ ስንደውል ሌኒ በረት ገብታለች፣ አሁን ትመጣለች ትለኛለህ" አለች ቬሬና። "እኔም እሺ፣ ሰላም በላት እልሃለሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ። ብቻህን መኖር ትችል እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እንዲያይህ ፈለግን። ሌላ ምንም የለም።"

"ሐኪም ነው ብንልህ በር አትከፍትለትም ነበር" አለ ጌብሃርድ።

"አልከፍትም ነበር" አለ ሮሜድ። ቀስ ብሎ ተቀመጠ። "ምነው ገዢ በሆነ። ገዢን አልሸጥም ብዬ እመልሰዋለሁ። ይሄን ምን ብዬ ልመልሰው?"

የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ቬሬናን ቀና ብዬ ለማየት አፈርኩ፤ ግን ደግሞ አሁንም ተናድጄ ነበር፣ በማን እንደሆነ እንጃ።

ታሲሎ በረዶውን እያራገፈ፣ እያነከሰ መጣ። "ሮሜድ፣ በውሸት ቤትህ ስለገባሁ ይቅርታ አድርግልኝ" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ቡርጊ፣ በየቀኑ የምታዪው አንቺ ነሽ። የታዘብሽው ነገር አለ?"

"ምንም!" አልኩ። "ከእኔ ይሻላል! እኔ መነጽሬን ግንባሬ ላይ አድርጌ ቀኑን ሙሉ የምፈልግ ሴት ነኝ። እሱ ምንም የለበትም። ሂዱ፣ ሌላ ሰው መርምሩ!"

ሮሜድ እጄን ያዘው። መዳፉ በገመድ የጠነከረ ነው፤ እንዲህ ይዞኝ ግን አያውቅም።

"አትዋሺ፣ ቡርጊ። ዘንድሮ ራሴንም ስጠረጥረው ነው የከረምኩት። ያየሽው ነገር ካለ ንገሪያቸው። እኔም ልስማው።"

ዓይኑን አየሁት። ቲኬት ሲመረምር እንደሚያየው አድርጎ ነው የሚያየኝ። ያንን ዓይን ደግሞ ማንም አታልሎት አያውቅም። ስለዚህ ነገርኳቸው።

"ኅዳር ላይ ነው" አልኩ። "ጭጋጉ መንደሩን የዋጠበት ጠዋት በሬ ተንኳኳ። የገመዱን የሥራ ጃኬት ለብሷል፣ እግሩ ላይ ግን የቤት ነጠላ ጫማ ነው። የማስነሻውን ቁልፍ ስጪኝ፣ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀኝ ነው፣ ልጆቹ በብርድ አለቁ አለኝ። ገመዱ የለም ብዬ ብነግረው አልሰማ አለ። ሜዳው ድረስ ወሰደኝ፤ ባዶው ሜዳ ላይ ቆሞ ሰዎቹን ይቅርታ ጠየቃቸው።"

"በነጠላ ጫማ?" አለ ሮሜድ። "በዚያ ብርድ?"

"በነጠላ ጫማ።"

"ምስኪን ሰው" አለ ራሱን እየነቀነቀ። "ከዚያስ? ቤቱ ያደረሰው ሰው አለ?"

ጌብሃርድ ፊቱን ወደ ተራራው አዞረ።

"አለ" አልኩት። "እኔ አደረስኩት።"

"ጥሩ አደረግሽ" አለኝ ሮሜድ፣ እጄን ሳይለቅ። "እንዲህ ያለ ሰው እኮ ብቻውን አይተውም።"