ጉልበቴን አሞኝ አያውቅም ያልኩበት ቀን

ወረታ ከተማ ውስጥ ለአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ቅርንጫፍ ሪፖርተር ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ የቅርንጫፉ ኃላፊ አቶ ደጉ መቅረጸ ድምፁን ጠረጴዛው ላይ ገፋ አድርገው ወደ እኔ አስጠጉት። "ስም ሁለት ጊዜ ጠይቅ" አሉኝ። "ያላየኸውን አትናገር። ያየኸውን አታስቀር። ስትሳሳት እርማት ይነበባል፤ የሚያነበውም የተሳሳተው ሰው ራሱ ነው።" ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞር አሉና "መኪና ግን የለንም" አሉ።

ሯጭ ያደረገኝ የመኪናው አለመኖር ነው። ከተማውን የከበበው የፎገራ ሜዳ ሲያዩት ቅርብ ይመስላል፤ ሲሄዱበት ግን አያልቅም። ከቀበሌ ቀበሌ በእግሬ እየሄድኩ ዜና ስሠራ ቆየሁና፣ አንድ ቀን የገበሬዎች ስብሰባ ሊያመልጠኝ ሲል ሮጥኩ። ደረስኩ። ከዚያ ወዲያ ሥራ ባይኖርም ጠዋት ጠዋት መሮጥ ለመድኩ። ዓመታት ሲያልፉ ከተማው "ሯጩ ጋዜጠኛ" ይለኝ ጀመር። ስሙን ወደድኩት። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የመጣው ስሙን ከመውደዴ ነው።

አርባ ስድስት ዓመት በሞላኝ ክረምት ሜዳው እንደ ወትሮው ውኃ ተኛበት። የምሮጥበት የመስኖ ቦይ ዳር ጠፋ፤ ዋልካው፣ ጥቁሩ ጭቃ፣ ጫማ የሚያስቀር ሆነ። ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። በየቀኑ፣ ያንኑ ርቀት፣ በዚያው ፍጥነት። ነሐሴ ላይ ቀኝ ጉልበቴን ከሎሚው፣ ከክቡ አጥንት በታች፣ ያመኝ ጀመር። የሚብስብኝ የቢሮውን ደረጃ ስወርድ ነበር። ሰው ካየኝ ቀጥ ብዬ፣ ሰው ከሌለ በጎኔ እየሆንኩ እወርዳለሁ። ባልደረባዬ አንዴ በጎን ስወርድ አገኘኝና "ምነው?" አለኝ። "ጫማዬ ነው" አልኩት።

አቶ ደጉን ስለ ወንዛዬ ፍል ውኃ ዘገባ ልሥራ ብዬ አስፈቀድኳቸው። ዘገባውን ሠርቻለሁ፤ የሄድኩት ግን ለጉልበቴ ነው። መቅረጸ ድምፁን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ፣ ሱሪዬን ጠቅልዬ እግሬን ሙቁ ውኃ ውስጥ እንደነከርኩ፣ ከአንበሳሜ የመጡ አንዲት እናት አዩኝ።

"አንተ ልጅ፣ ማሽንህ ሥራ ፈቷል፤ ጉልበትህን ነው እንዴ የምትጠይቀው?" አሉኝ። አጠገባቸው ያሉት ሁሉ ሳቁ።

"ለመሞከር ያህል ነው እማማ።"

"እኛም ለመሞከር ነበር የመጣን። ይኸው ስንሞክር ሰባተኛ ቀናችን።"

ውኃው እስከ ማታ ድረስ አሳረፈኝ። በማግሥቱ ደረጃውን ስወርድ ሕመሙ ቦታው ላይ ነበር።

መስከረም ላይ ለማንም ሳልናገር ባሕር ዳር ሄጄ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ ቀረብኩ። ቆፍጠን ያለች ወጣት ሴት ናት። ጉልበቴን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ በአንድ እግሬ ቆሜ ቁጢጥ እንድል አዘዘችኝ። ግማሽ ሳልደርስ ተንቀጠቀጥኩ።

"የት ነው የሚሮጡት?"

"አስፋልት ላይ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ክረምቱ ከገባ።"

"ካመመዎት በኋላስ ስንት ቀን አረፉ?"

"አላረፍኩም።"

"ማን አዘዘዎት?" አለች። የጠየቀችኝ እንደ ጋዜጠኛ ነው፤ የት፣ መቼ፣ ስንት፣ ማን። በሥራዬ የምኮራበትን ጥያቄ ሁሉ ለገዛ ጉልበቴ ጠይቄለት አላውቅም ነበር።

ጨርሰው ያቁሙ አላለችኝም። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ፣ ለስላሳ መሬት ላይ፣ ሁለት ደቂቃ እየሮጥኩ ሁለት ደቂቃ እንድራመድ ነገረችኝ። እርምጃዬን እንዳሳጥር፣ በቀሩት ቀናት ከወንበር በቀስታ እየተነሳሁና እየተቀመጥኩ የጭኔን ጡንቻ እንዳጠነክር አስተማረችኝ። ለሕመሙ ከአስር ነጥብ እየሰጠሁ እንድጽፍም አዘዘችኝ። እስከ ሦስት ድረስ ከሆነ መቀጠል ይቻላል። ከዚያ ካለፈ፣ ወይም በማግሥቱ ጠዋት ከትናንቱ ከባሰ፣ መቀነስ ነው። "ካበጠ ግን ይቆማል" አለችኝ። "ከእብጠት ጋር ክርክር የለም።"

ደብተር ገዛሁ። ለዜና እንደምጽፈው በጥንቃቄ ጻፍኩበት። ግን ሯጩ ጋዜጠኛ ሲራመድ መታየት አልፈለገም። አስፋልቱን ትቼ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ሩዙ ቁመቱ ወገብ የሚደርስበት ማሳ ድንበር ላይ ሄድኩ። ሰው ብቅ ካለ እሮጣለሁ፤ ካለፈ በኋላ እራመዳለሁ። ይህንንም ደብተሩ ላይ ጽፌዋለሁ። ኅዳር ላይ፣ ሩዙ ሲታጨድ፣ ሕመሙ ከስድስት ወደ ሁለት ወርዶ ነበር።

ስንዱ ቢሮ የመጣችው በዚያው ወር ነው። ዕድሜዋ ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ነበር፤ አባቷ አቶ ሙላት ሜዳው ላይ ሩዝ ያርሳሉ፣ ከብት ያረባሉ። እሷ በወረዳው የታወቀች ሯጭ ነበረች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብረ ታቦር ላይ በሚደረግ ውድድር ከአንድ ክለብ የሚመጡ አሠልጣኞች ልጆች ሊመርጡ ነበር። ሌላ ዕድል እንደማይኖር ታውቃለች፤ አባቷ ዘንድሮ ካልተመረጥሽ ሩጫው ይበቃል ብለዋታል። እኔ ቃለ መጠይቅ ላደርግላት ነበር የጠራኋት።

መቅረጸ ድምፁን ሳልከፍት ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለችኝ። "ጉልበቴን እያመመኝ ነው። ትናንት አብጦ አደረ። እርስዎንም አሞዎት እንደነበር ወንዛዬ ካዩዎት ሰዎች ሰማሁ። ምን አድርገው ነው የተሻለዎት?"

አቶ ደጉ በጠረጴዛቸው ነበሩ። ባልደረባዬ ጋዜጣ እያነበበ ነበር፤ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገው።

"ማን ነው እንዲህ ያለሽ?" አልኩ። "እኔ ጉልበቴን አሞኝ አያውቅም። ሯጭ ካመመው ይሮጥበታል እንጂ አይተኛበትም።"

ባልደረባዬ "እንዲህ ነው እንጂ!" ብሎ ጠረጴዛውን መታ። ስንዱ ፈገግ አለች፤ እሺ አለች። ቃለ መጠይቁን አደረግን። ያንን አነጋገሬን ወደድኩትና በዘገባው መግቢያ ላይ በራሴ ድምፅ ደገምኩት። ደብተሩ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። እጄን ብዘረጋ እደርስበት ነበር።

ውድድሩን ልዘግብ ደብረ ታቦር ሄድኩ። ስንዱ እስከ ግማሽ ከመሪዎቹ ጋር ነበረች። ቁልቁለቱ ላይ እርምጃዋ ተሰበረ። መጀመሪያ በቀኝ እግሯ ብቻ መግፋት ጀመረች፣ ቀጥሎ ቆመች፣ ቀጥሎ እንደገና ሞከረች፤ ከዚያ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ስደርስ ጉልበቷ አብጦ ቅርጹን አጥቶ ነበር።

ማይክሮፎኑን በእጄ እንደያዝኩ "ምን ሆንሽ?" አልኳት። ለምን እንደጠየቅኳት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ይታየኝ ነበር።

"እንዳሉኝ ሮጥኩበት ጋሼ" አለች። አልተቆጣችም። ያልገባት ነገር እንዲገባት የምትፈልግ ትመስል ነበር። "ሁለቱንም ሳምንት አንድም ቀን አልተኛሁበትም።"

አሠልጣኞቹ ሌሎች ልጆችን መረጡ። ማታ ያስተላለፍኩት ዜና "ስንዱ በጉልበት ሕመም ውድድሩን አቋርጣለች" ይላል። አንድም ስህተት የለበትም። ከጻፍኳቸው ዜናዎች ሁሉ እንደዚያ ያፈርኩበት የለም።

ሦስት ቀን ቆየሁና ደብተሩን ይዤ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። የሩዝ ውቂያ ላይ ነበሩ። አቶ ሙላት በሬዎቹን ለሌላ ሰው ለቀቁና እጃቸውን እየጠረጉ መጡ። ስንዱ እግሯን ዘርግታ ጥላው ውስጥ ተቀምጣለች። ቆሜ፣ ጉልበቴን አሞኝ እንደነበር፣ ባሕር ዳር እንደሄድኩ፣ እሷ ስትጠይቀኝም ገና በሕክምናው ላይ እንደነበርኩ ተናገርኩ።

አቶ ሙላት "እርስዎ እውነቱን የሚናገሩት ለሬዲዮ ብቻ ነው?" አሉኝ።

"ለሬዲዮም አልተናገርኩም" አልኳቸው።

ስንዱ ደብተሩን ተቀብላ ገጹን ገለጠች። አንድ ቦታ ላይ ሳቋ አመለጣት። "'ሰው ሲመጣ ሮጥኩ፣ ሲያልፍ ተራመድኩ'፤ ይህን እርስዎ ነዎት የጻፉት?" አለችኝ። ከዚያ ጣቷን በቀኖቹ ላይ እያስኬደች ወረደችና ቆመች።

"ይህ እኔ ቢሮ የመጣሁበት ዕለት ነው።"

"አዎ።"

ጮክ ብላ አነበበችው። "'ጠዋት፣ ሕመም ሁለት። ሩጫና እርምጃ፣ ሃያ ደቂቃ። አላበጠም። እየተሻለኝ ነው።'" ደብተሩን አልዘጋችውም። "ሁለት" አለች እንደገና። "የእኔ ያን ዕለት ሰባት ነበር።"

በሚቀጥለው ሳምንት ከአባቷ ጋር ባሕር ዳር ወሰድኳት። ባለሙያዋ ጉልበቷን አየችና "አብጦ ነው የሮጥሽው?" አለች። "ማን አዘዘሽ?" ስንዱ ወደ እኔ አላየችም። "ራሴ ነኝ" አለች። እኔም ያን ጊዜ ዝም አልኩ። ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

ወደ ቢሮ ተመልሼ እርማት ላነብ እንደምፈልግ ለአቶ ደጉ ነገርኳቸው። "ምን ተሳሳትክ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁና "ከሃያ ሰኮንድ አይብለጥ" አሉ። በራሴ ድምፅ አነበብኩት፦ ሯጭ ካመመው ይሮጥበታል ብዬ ያስተላለፍኩት ስህተት ነው፤ እኔ ራሴ ባመመኝ ጊዜ ቀንሻለሁ፣ ተራምጃለሁ፣ ታክሜያለሁ። በማግሥቱ ገበያ ውስጥ አንዱ "ተራማጁ ጋዜጠኛ!" ብሎ ጠራኝ። ስሙ ጸናብኝ። አሁንም ይጠሩኛል።

ስንዱ እንደገና ለመሮጥ እስከሚቀጥለው መኸር ቆየች። ክለቡ ተመልሶ አልመጣም። አባቷ ሩጫው ይበቃል ያሉትን ቃል አጥፈዋል፤ እኔ ግን ያንን እንደ ካሳ አልቆጥረውም። ዛሬ ጠዋት ጠዋት ቦይ ዳር የትምህርት ቤት ሴቶች ልጆችን ታሠለጥናለች። ሳይሮጡ በፊት ተሰልፈው ሕመማቸውን ከአስር ይነግሯታል፤ ያፈረች ካለች ለብቻዋ ትጠይቃታለች። ደብተሬን አልመለሰችልኝም። እኔም አልጠየቅኳትም።

ጡረታ ወጥቻለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን እሮጣለሁ፤ ሰው እያየኝም እራመዳለሁ። ጉልበቴ አልፎ አልፎ አንድ፣ ክረምት ላይ ሁለት ነው።

ለወጣት ሪፖርተሮችም ለሯጮችም የምለው ያው አንድ ነው። ያመመው ሰው አንተ ምን አደረግህ ብሎ ሲጠይቅህ፣ ያደረግኸውን ንገረው።