ከኋላቸው የሚገባው

ሽማግሌው ወደ ሕክምናው ክፍል ሲገቡ፣ ከኋላቸው ሰው ያለ ይመስል በሩን ይዘው ይቆያሉ። ከዚያ የሸሚዛቸው ቁልፍ እንደተዛነፈ፣ ፊታቸው እንደጠቆረ ወንበሩ ላይ ይዘረጋሉ። የድብርታቸው መድኃኒት በክንዳቸው ደም ሥር ጠብ ጠብ ሲል የደም ግፊታቸው ከፍ ይላል፤ ብሌናቸው ይዋልላል። ሰዓት ሳይሞላ ግን ሰው ይሆናሉ፤ ቁልፋቸውን አስተካክለው፣ ነርሷን አስቀው ይነሣሉ። ሲወጡ በሩን ፈጥነው ይዘጉታል።

ዛሬ ነርሷ፣ «አባባ፣ ሲገቡ በሩን ለማን ነው የሚይዙለት?» አለቻቸው።

«አብሮኝ ለሚመጣው ነዋ፣ ልጄ። መድኃኒቱ እሱን ሲያስተኛልኝ እኔ ሹልክ እላለሁ። አደራ፣ ቀስቅሰሽ እንዳትልኪብኝ!»

ከት ብላ ሳቀች። ማምሻውን መብራቱን አጥፍታ ስትወጣ ግን፣ እግሯ ደፉን ካለፈ በኋላ እጇ በሩን አልለቅ አለ፤ አንድ ሰው እስኪያልፍ ያህል ጠበቀ።