በእንግሊዝኛ ያላልሁት

ሐኪሙ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ቆሟል፤ መምህራችን በሩ ላይ። ሁለት ወንዶች ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው መስኮቱን ተደግፈዋል። በሽተኛዋ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ባሏ ግንበኛ ነው፤ ሥራ ላይ ስለነበረ አልመጣም።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ እንግሊዝኛ የምንማርበት ክፍል ሌላም አገልግሎት ነበረው። ከሌላ ክፍለ ሀገር መጥተው ከተማው ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች የሚተረጎም ነገር ሲኖራቸው እኛ ተማሪዎቹ እንተረጉምላቸዋለን። መምህሩ ነው ያሰበው፤ ለእነሱ እርዳታ፣ ለእኛ ልምምድ። እኔ የገባሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ወለጋ ብዙ ዓመት ስለኖርሁ ኦሮምኛ እችላለሁ። አንድ የውጭ አገር ሐኪም እነዚህን እንግዶች ሊመረምር ለአንድ ቀን ወደ ክፍላችን ሲመጣ፣ አማርኛ የማታውቀው ይህች ልጅ ለእኔ ደረሰች።

«እማማ፣ የዛሬው ፈተና በቃል ነው» አለኝ መምህሩ። ተማሪዎቹ ሳቁ።

ልጅቱ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ በዝግታ ነገረችኝ። ከወለደች ወዲህ ውኃ ስትሸከም ማሕፀኗ ይወርዳል። ለባሏ አልነገረችም። ሆስፒታል የሚያስተረጉምላት እሱ ስለሆነ፣ ሁለት ጊዜ ሄዳ ሳትናገር ተመልሳለች።

ቀና ስል ዓይኔ ከመምህሩ ዓይን ጋር ተጋጨ። የመጨረሻ ልጄ እኩያ ነው። ማሕፀን በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ አጥንቼዋለሁ። ወንዶቹን ውጡልን ማለትም እችል ነበር። ሆዷን ያማታል አልሁ።

ሐኪሙ ሌላስ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ትንሽ ጠብቆ ደግሞ ጠየቀኝ። የለም አልሁት። ሆዷን በልብሷ ላይ ጫን ጫን አድርጎ አይቶ ኪኒን ሰጣት። መምህሩ አነጋገሬ ጥርት ያለ እንደነበረ ነገረኝ።

ያን ጊዜ ነውሯን የሸፈንሁላት መስሎኝ ነበር። የሸፈንሁት የራሴን ሐፍረት ነው፤ እሷማ ተናግራለች። ሐኪሙ ገና እቃውን ወደ ቦርሳው እየከተተ ነበር። ያልሁትን ለማረም ጊዜ ነበረኝ።

ልጅቱ ኪኒኑን ጨብጣ ተነሣች።

«እናቴ፣ ሁሉንም ነገሩልኝ አይደል?» አለችኝ በኦሮምኛ።

«ነግሬዋለሁ።»

እጄን ሳመችና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።