ጎማ ያለው አያልፍም

ከባሕር ዳር የተነሣሁት ኅዳር ገብቶ የክረምቱ ጭቃ ከጠነከረ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ነው። የሚኒባሱ ረዳት ብስክሌቴን ጣራ ላይ በገመድ አሰረና የአንድ ሰው ሂሳብ ጨምር አለኝ። “እሷ መቼ ወንበር ያዘች?” ስለው፣ “አንተም ከላይ ብትወጣ ዋጋው ያው ነው” ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀብኝ። ከፈልኩ።

የጉዞው ምክንያት ግን የሚያስቅ አልነበረም። እኛ ቅዳሜና እሁድ አብረን ብስክሌት የምንነዳ ጓደኛሞች ነን፤ መምህር አለን፣ ነርስ አለን፣ ልብስ ሰፊ አለን። ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አዲሱ የሚባለውን ጓደኛችንን፣ ከከተማ ወጣ ብሎ አስፋልቱ ላይ የጭነት መኪና ገጨብንና ቀበርነው። ከዚያ ወዲህ አብረን ወጥተን አናውቅም። በመጨረሻ ተሰብስበን አንድ ነገር ተስማማን፤ መኪና የማይሄድበት የጠጠርና የአፈር መንገድ ከተገኘ እንቀጥላለን፣ ካልተገኘ ብስክሌቶቻችንን ሸጠን እንበተናለን። መንገዱን ፈልግ ተብዬ የተላክሁት እኔ ነኝ። ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ አስፋልቱን ሳልነካ የምሄድበትን መስመር ስልኬ ላይ አስምሬያለሁ፤ የአገሩንም ሰላም ከሚያውቁት ጠይቄ አጣርቻለሁ። የቀረው በጎማ መሞከር ነበር።

ዘንገና

የእንጅባራ ብርድ እንግዳ አይመርጥም። መናኸሪያው አጠገብ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ በልቼ እጄን ካሞቅሁ በኋላ ወደ ዘንገና ሐይቅ ነዳሁ። ጉዟችን ከዚያ እንዲጀምር አስቤ ነበርና። ሐይቁ እንደ ድስት ክብ ነው። ዙሪያውን ዛፍ ከቦታል፤ ከውሃው ዳር ከብቶች ይጠጣሉ፤ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል። አዲሱ ይህን ሳያይ መሞቱ ቆጨኝ። ውሃ ባየ ቁጥር ጫማውን የሚያወልቅ ሰው ነበር።

ከሁሉ የወደድኩት ጸጥታውን ነው። የመኪና ጡሩምባ የለም፣ ጭስ የለም፤ ለስለስ ባለው የእግር መንገድ ላይ የራሴ ጎማ እንኳ ድምፅ አያሰማም። ለጓደኞቼ የምነግረውን እያሰብኩ፣ ከተማዋን በጎን ትቼ ወደ አዲስ ቅዳም አቅጣጫ ገጠሩን ገባሁበት።

ድንቹ የፈሰሰበት መታጠፊያ

መንገዱ በገብስ ማሳና በቀርቀሃ አጥር መካከል ይሄዳል። አለፍ ሲል ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ግራና ቀኙን ይይዘዋል፤ በዛፎቹ መሐል ቀይ አፈር፣ ደረቅ ቅጠል፣ ጥላ። መኪና የሚባል አላየሁም። የሚያልፈው ፈረስ ነው። ይህ የፈረስ አገር ነው፤ ገበያ የሚያደርሰውም፣ ሙሽራ የሚያመጣውም፣ በዓል የሚያደምቀውም ፈረስ ነው።

አንድ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ለቀቅ አድርጌ መታጠፊያውን ስዞር ድንች የጫነ ፈረስ ፊት ለፊቴ ደነበረ። ጭነቱ ተገለበጠና ድንቹ መንገዱን ሞላው። ልጓሙን የያዘችው ሴት ከፈረሱ ጋር እየተጎተተች ጮኸች።

“ኧረ አንተ ሰው! አፍ የለህም እንዴ?”

ብስክሌቴን ጥዬ ሮጥሁ። ፈረሱ ሲረጋ እሷ ግን አልረጋችም። “ድምጡን አጥፍቶ የሚመጣ ጅብ ነው። ሰው ሲሆን ‘እንደምን ዋላችሁ’ ይላል። በል ልቀም!”

እየለቀምሁ፣ ነገሩን ለማቅለል ብዬ “የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኼ ነው” አልኳት። አልሳቀችም።

“አንተስ ድንች ለቀምህ። እኛ ከዚህ መንገድ የለቀምነው ልየውን ነው።”

ስሟ እናኑ ነው። ጭነቱን አብረን መልሰን ስናስር ነገረችኝ። ልየው የመንደሩ ልጅ ነበር፤ ከገበያ ሲመለስ ሞተር ሳይክል ፈረሱን አስደንብሮበት ወድቆ ሞተ። ከዚያ በኋላ መንደሩ ተሰብስቦ መንገዱን ዘጋው። “ያውልህ” አለች በአገጯ እያመለከተች። ከፊቴ የባሕር ዛፍ ግንድ መንገዱን አቋርጦ በሁለት ካስማ ላይ ተጋድሟል። ሰውና ከብት በጎኑ ያልፋል። “ጎማ ያለው አያልፍም። የልጁ አባት አያ ቢተው ከዚያ ካለው ቤት ናቸው፤ እሳቸውን ጠይቅ።”

ካርታዬን አየሁ። ከግንዱ ጀምሮ ከፊት እስካለው ወንዝ ድረስ ያለው መንገድ ካልተፈቀደልን፣ ያለው ምርጫ ወደ አስፋልቱ መውጣት ብቻ ነው።

አያ ቢተው ቤት

አያ ቢተው ደጃፋቸው ላይ ቀርቀሃ እየሰነጠቁ ነበር። ሸምገል ያሉ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ከባለቤታቸው ጋር በአገውኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ የሚያወሩ ሰው ናቸው።

“እንደምን ዋሉ፣ አያ?”

“እግዜር ይመስገን። ቁጭ በል። አገሩ ደኅና?”

“ደኅና ነው፤ ከባሕር ዳር ነው የመጣሁ።” ጠላ ቀረበልኝ። አንዴ ተጎነጨሁና ስልኬን አወጣሁ። የምናልፍበትን መስመር አሳየኋቸው፤ ማሳ እንደማንረግጥ፣ ምሳችንን ከመንደሩ እንደምንገዛ ነገርኳቸው። ይባስ ብዬም “ጸጥ ብለን ነው የምናልፈው፤ መኖራችንንም አታውቁትም” አልኩ። ንግግሬ ምን ያህል እንዳማረልኝ ለራሴ ታወቀኝ።

ቢላዋቸውን መሬት ላይ አኖሩት።

“ሞተረኛውም ጸጥ ብሎ ነበር” አሉ። “ቁልቁለት ነው፣ ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ሞተሩን አጥፍቶት ነበር። ድምጡ ቢሰማ ልየው ይወርድ ነበር፣ ፈረሱንም ይይዝ ነበር። ብቅ ሲልበት ፈረሱ ደነበረ፤ ልጄ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ሰውየው ዞር ብሎ አየና ሄደ።”

እኛ አስፋልቱን የሸሸነው መኪና ፈርተን ነው። እዚህ አገር ደግሞ የሚፈራው ነገር እኛ ነን። ስለ አዲሱ ነገርኳቸው። አቋረጡኝ።

“ሾፌሩስ? ለቅሶ ደረሰ?”

“ደረሰ፣ አያ። ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። ድንኳኑ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ የአዲሱ እናት፣ እማማ ጥሩወርቅ፣ ሄደው አነሡት። እህል ቅመስ አሉት።”

የሰነጠቁትን ቀርቀሃ ወደ ጎን ገፉት። “እኔ ቤት ማንም አልመጣም” አሉ። “ካሣ አልፈለግሁም። ከባለ ጎማ ወገን አንድ ሰው ደጄ መጥቶ ‘እግዜር ያጥናህ’ ቢለኝ ይበቃኝ ነበር። ድንጋይ የተንከባለለ እንጂ ሰው የሞተ አልመሰላቸውም።”

የሠራሁት ነገር ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የልየውን ሞት ከእናኑ ሰምቼ ነው የገባሁት። ሰምቼ፣ ጠላቸውን ጠጥቼ፣ ካርታ ዘረጋሁ። በእኛ አገር ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ዓመት ቢያልፍም ሐዘን ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህን ልጅ እንኳ ያውቃል። እጅግ አፈርሁ።

ተነሥቼ ቆቤን አወለቅሁ። “አያ፣ እግዜር ያጥናዎት። እኔም ባለ ጎማ ነኝ። ዘግይቼም፣ አጥፍቼም ነው የመጣሁት።”

ባለቤታቸው ከውስጥ ሰምተው ኖሮ “ልየዋ! ልየዋ!” እያሉ ወጡ። አያ ቢተው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እኔም አለቀስሁ። ለልየው ይሁን ለአዲሱ አላውቅም፤ ለሁለቱም ይመስለኛል። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ የመጣውም ሁሉ እንግዳው ለቅሶ ሊደርስ እንደመጣ አሰበ። አያ ቢተው አላረሟቸውም። ያን ቀን ሂድ ያለኝም የለም፤ እዚያው አደርሁ።

እስከ ወንዙ

በማግስቱ አያ ቢተው የልየውን ፈረስ እየሳቡ ወንዙ ድረስ ሸኙኝ። ዳማ ፈረስ ነው፤ ብስክሌቱን ሲያይ ቆዳው ተንቀጠቀጠ።

“ከታች በኩል ቁም” አሉኝ። “ከላይ ከመጣህበት አውሬ ይመስለዋል። አሁን ተናገር።”

“ምን ልበለው?”

“ስምህን ንገረዋ።”

ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ የመጣሁበትን አገር ለፈረስ ነገርሁ። ጆሮው ወደ እኔ ዞረ። ማሽተት አልፈለገም፤ መሸሹን ግን ተወው። አያ ቢተው አንገቱን እያሻሹ ቆዩ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም፤ ለመሸጥም አልቻሉም።

ግንዱን ሁለታችን አንሥተን ብስክሌቴን አሳለፍሁና መልሰን አጋደምነው። ስለ መንገዱ ዳግም ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ፤ እሳቸው ቀደሙኝ።

“መልሱን ለብቻዬ አልሰጥም። የዘጋነው መንደሩ ሁሉ ነን። ጓደኞችህ መጀመሪያ ቤቴ ይምጡ። ስለ መንገድ የምናወራ ከዚያ በኋላ ነው።”

“እንቢ ከተባልንስ፣ አያ?”

“እንቢ ከተባላችሁ ትመለሳላችኋ” አሉ፤ ክፋት አልነበረበትም። ወንዙን ጫማዬን በእጄ ይዤ ተሻገርሁ።

ዳንግላና ቤት

የቀረው መንገድ ያማረ ነው። አዲስ ቅዳምን በዳር አለፍሁት፤ የከሰል ጆንያ ተደርድሮ ጫኝ ይጠብቃል። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ይሰፋል፣ አየሩ ይሞቃል። ፈረስ ባየሁ ቁጥር ወርጄ “እንደምን ዋላችሁ!” ስል ዳንግላ የደረስሁት ድምፄ ጎርንኖ ነው። የመናኸሪያውን መንገድ አንድ የባጃጅ ሹፌር የጠየቅሁት እንኳ በምልክት ነው። ማታውን በሚኒባስ ባሕር ዳር ገባሁ።

ጓደኞቼ ስንት ዳገት አለው፣ ውሃ የት ይገኛል እያሉ ከበቡኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ልብስ ሰፊው “ሞተሩ የእኛ አይደለም፤ ባልገደልነው ሰው ለምን እንጠየቃለን?” አለ። እውነቱን ነው፣ አልገደልንም። እኔ ግን አያ ቢተው ፊታቸውን በጋቢ ሲሸፍኑ አይቻለሁ። የዚህ ጉዞ ትምህርት ለእኔ ይኸው ነው፤ መኪና የሌለበት መንገድ ባዶ መንገድ አይደለም፤ ባለቤት አለው፣ ሐዘንም አለው። ተከራክረን ተከራክረን ሁላችንም እንሂድ ተባለ።

በነጋታው ለእማማ ጥሩወርቅ ልነግራቸው ሄድሁ። አብረውን ይመጣሉ ብዬ አይደለም፤ ስለ እሳቸው በሰው ቤት ስላወራሁ ሊያውቁት ይገባል ብዬ ነው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

“የልጁ እናት አለች?” አሉኝ።

“አሉ።”

“እኔም እሄዳለሁ።”

“እማማ፣ እዚያ መኪና አይገባም። ብዙ ያስኬዳል፤ ዳገትም አለው።”

ቀና ብለው አዩኝ። “ለቅሶ ድሮስ በመኪና ነው እንዴ የሚደረሰው?”

የፊታችን እሁድ እንሄዳለን። ብስክሌቶቹን እየገፋን፣ በእሳቸው እርምጃ።