ስለ አሜሪካ ጦር የተከራከርንበት ጥቅምት

ባለፈው ሳምንት ወሎ ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ ዝናብ ተጠልዬ ተቀምጬ ሳለ፣ አጠገቤ ያሉ ሁለት ወጣቶች ስለ አሜሪካ ጦር ይከራከሩ ነበር። አንዱ ስልኩን እያሳየ "ሰው አገር ገብቶ መደብደብን ማን ፈቀደላቸው?" ይላል። ሌላው "ባይገቡስ ኖሮ ስንት ሰው ያልቅ ነበር?" ብሎ ይመልሳል። ማኪያቷቸው ቀዝቅዟል። የሁለቱም ነገር ልክ መሰለኝ። እኔም ከአርባ ዓመት በፊት በዚሁ ጉዳይ ቆሜ ተከራክሬያለሁ፤ ለዚያውም ማንም በማይፈልገው ወገን።

ያኔ ቦሌ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ዘመኑ የደርግ ነው። ጥቅምት ገብቷል፤ ጠዋት ጠዋት ከሾላ ጀርባ ካለው ቤታችን ወጥቼ በእግሬ ስሄድ የሣሩ ጤዛ እግሬን ያርሰዋል። ዛሬ ፎቅ በፎቅ የሆነው ሰፈር ያኔ ብዙው የጤፍ ማሳ ነበር። በዚያ ሰሞን ሬዲዮው አሜሪካ አንዲት ትንሽ የደሴት አገር ወረረች እያለ ጠዋት ማታ ያወራል። የታሪክ አስተማሪያችን ቲቸር አምሃ ይህንን ምክንያት አድርጎ ክርክር አዘጋጀ። የአሜሪካ ጦር ሰው አገር መግባቱ ተገቢ ሆኖ ያውቃል ወይ? የሚከፈለውስ ዋጋ?

"አንድ ወገን ብቻ ካለው ክርክር አይደለም፤ ስብሰባ ነው" አለን። ስብሰባ ደግሞ ሁላችንም ጠግበን ነበር። ዕጣ ተጣለና "ሆኖ ያውቃል" የሚለው ለእኔ ደረሰኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። የክፍላችን አንደኛ ዳንኤል ተቃራኒውን ያዘ።

አባቴ ሃምሳ አለቃ በየነ በጃንሆይ ጊዜ ወታደር ነበር። ያን ጊዜ ግን አንድ ጋራዥ ውስጥ የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን የሚጠብቅ ዝምተኛ ሰው ነው። ኮሪያ መዝመቱን፣ ከአሜሪካኖች ጎን መዋጋቱን አውቃለሁ፤ ከዚህ ሌላ ምንም አላውቅም። በግራ እግሩ ሦስት ጣቶች የሉትም፤ ሲራመድ ትንሽ ያነክሳል። መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ከተወዳጀ ወዲህ ፎቶግራፎቹን ከግድግዳ አውርዶ የት እንዳደረጋቸው እናቴ እንኳ አታውቅም።

ራት ላይ ጠየቅሁት። "አባዬ፣ አሜሪካኖቹ ኮሪያ መሄዳቸው ልክ ነበር?"

"ጋዜጣ ላይ ፈልጊ" አለኝ።

"ጋዜጣው የዳንኤልን ወገን ብቻ ነው የሚጽፈው።"

ፈገግ አለና ወጡን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ።

ቅዳሜ እናቴ ዛላ በርበሬና ሽንኩርት እንድንገዛ ሁለታችንን ሾላ ገበያ ላከችን። ስንመለስ አባቴ አንድ እስር የባቄላ እሸት ገዛና እየፈለፈልን በአቧራው መንገድ ዳር ዳሩን ይዘን ሄድን። ከገበያው ጫጫታ ስንርቅ ሳልጠይቀው ጀመረ።

"ተሾመ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። አንድ ኮረብታ ላይ ነው የሞተው። ኮረብታው ስም የለውም፤ በቁጥር ነበር የሚጠሩት። ያዝነው፣ አስለቀቁን፣ መልሰን ያዝነው። ጦርነቱ ሲያበቃ የማን ሆነ ብዬ ብጠይቅ፣ መሃል ላይ ቀርቷል፣ የማንም አይደለም አሉኝ።" አንድ ባቄላ ፈልፍሎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። "አሁን ለተሾመ እናት ሄጄ ልክ ነበር ልበላት?"

ሌላ ባቄላ እየፈለፈለ ቀጠለ።

"ደግሞ አንድ ቀን የተቃጠለ መንደር ገባን። ኮሪያዎቹ ጎመናቸውን የሚያቆዩበት ትልልቅ ጋን አላቸው፤ ጓሮ ይቀብሩታል። የሚበላ ባገኝ ብዬ የአንዱን ክዳን ባነሳ፣ ከውስጥ ሁለት ዓይን አየኝ። ልጅ ናት። ቢበዛ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። በዚያ በረዶ እግሯ ባዶ ነው። ካልሲዬን አውልቄ አደረግሁላትና ካፖርቴ ውስጥ ከትቼ ወረድኩ። ሁለት ቀን ተጓዝን።"

ሳላስበው ወደ እግሩ አየሁ። እሱ መንገዱን ነበር የሚያየው።

"ማሳደጊያ አስገባናት። ያ ሁሉ ጦር ባይሄድ እኔም አልሄድም፤ እኔ ባልሄድ ያቺ ልጅ የለችም። ለእሷስ ስሕተት ነበር ልበላት?"

"ታዲያ እኔ ምን ልበል፣ አባዬ?"

"እኔ እንጃ፣ ጽጌ። እኔን ብቻ አታንሺኝ።"

አላነሳህም ብዬ ቃል ገባሁለት።

ዓርብ ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ፊት ለፊት የወጣት ማኅበሩ ተጠሪ ማስታወሻ ይዞ ተቀምጧል። ዳንኤል ግሩም አድርጎ ተናገረ። የቬትናምን የተቃጠሉ መንደሮች አነሳ፤ የልጆቻቸውን ሬሳ የተቀበሉ አሜሪካውያን እናቶችን እንኳ አልረሳም። "እረዳለሁ ብሎ የገባ ጦር የሚወጣው የራሱን ጥቅም ካገኘ በኋላ ነው" ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም። ተራዬ ደርሶ አሜሪካ በሂትለር ላይ ስለ መዝመቷ ያዘጋጀሁትን ባነብ፣ ዳንኤል "ሂትለርን የሰበረው ቀዩ ጦር ነው" ብሎ በአንድ ቃል ጣለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"እነሱ በመግባታቸው የተረፈ ሰው ጥሪልን። አንድ ሰው!"

ወረቀቴ ላይ ምንም አልነበረም። "አንዲት ልጅ አለች" አልኩ።

ጋኑን፣ ካልሲውን፣ ሁለቱን ቀን ተናገርኩ። ያዳናት ከአሜሪካ ጦር ጋር የዘመተ ኢትዮጵያዊ እንደሆነም አልደበቅሁም። ጀምሬ መተው አቃተኝና፣ ለእኔ ወገን እንደማይጠቅም እያወቅሁ፣ ኮረብታው ላይ ስለቀረው ጓደኛውም ተናገርኩ።

ተጠሪው ብዕሩን አነሳ። "ይህን የነገረሽ ሰው ማን ነው?"

የተናገርኩት አባቴን ሊያስጠይቀው እንደሚችል የገባኝ ያኔ ነው። ቲቸር አምሃ ብድግ ብሎ "ጓድ፣ ይህ ክርክር ነው፤ ምርመራ አይደለም። ድምፅ ይሰጥ" አለ። ለእኔ ወገን የተነሳው እጅ አራት ነበር። ስንወጣ ዳንኤል ተከትሎኝ መጣና "ልጅቷ እውነት ናት?" አለኝ። እውነት ናት አልኩት። ከዚያ እስከ ሾላ መታጠፊያ አብሮኝ ሄደ።

ቤት ስደርስ አባቴ ደጃፍ ተቀምጦ ሬዲዮ ይጠግናል። እያለቀስኩ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር።

"ተሾመንም ነገርሻቸው?" አለኝ።

"ስሙን አልጠራሁም እንጂ ነግሬያቸዋለሁ።"

"ደግ አደረግሽ" አለና እንባዬን በመዳፉ ጠረገው።

በማግስቱ ጠዋት ሙሉ ልብሱን ለበሰ። "ሳይጠሩኝ ልሂድ" ብሎ ወደ ቀበሌ ተነሳ። እናቴ ብትለምነውም አልሰማም፤ እኔም አልቀርም ብዬ ተከተልኩት። ሊቀ መንበሩ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ሰው ነበር።

"ትናንት ልጆቹ ያነሱት የኮሪያ ዘማች እኔ ነኝ" አለው አባቴ።

"ለአሜሪካ ነው የተዋጉት?"

"ሂድ ተባልኩ፣ ሄድኩ። ለማን እንደሆነ ያን ጊዜ አልጠየቅሁም።"

"እግርዎን እዚያ ነው የተጎዱት?"

አባቴ ጎንበስ ብሎ ጫማውንና ካልሲውን አወለቀ። ሊቀ መንበሩ ከወንበሩ ተነሥቶ አየ። "ጥይት ነው?"

"ብርዱ ነው" አለ አባቴ። ልጅቷንና ካልሲውን አላነሳም። እኔ ልናገር ከጅዬ ከንፈሬን ነከስኩ፤ የራሱ ነገር ነበርና።

"የእኔ ወንድም ኦጋዴን ቀረ" አለ ሊቀ መንበሩ፣ ለራሱ የሚያወራ ይመስል። ከዚያ ድምፁን አስተካከለ። "ጫማዎን ያድርጉ፣ ጋሼ። ልጅዎም ትምህርቷን ትማር።"

ወጥተን ጥቂት እንደሄድን አባቴ ትከሻዬን ያዘ።

በእኛ ላይ ሌላ ነገር አልመጣም። ክርክሩ ግን ሁለተኛ አልተደረገም፤ ቲቸር አምሃም በዓመቱ አጋማሽ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረ። በእኔ ምክንያት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ይቆረቁረኛል።

ያን ቀን ካፌው ውስጥ ዝናቡ ሲያባራ ልጆቹ ሳይስማሙ ተነሥተው ሄዱ። ጠርቼ ምን ልነግራቸው እችል ነበር? ማን ልክ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ጦር ወደ ሰው አገር ገባ በተባለ ቁጥር የተሾመ እናትና ያቺ ልጅ አብረው ይመጡብኛል፤ አንዷን ይዤ ሌላዋን መተው አልችልም። አባቴ ከዚያ ሳምንት በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ኖረ፤ እስኪሞት ድረስም ያወራኝ ነበር። ያን ክርክር ተሸንፌያለሁ። ነገር ግን ያ ዕጣ ለእኔ ባይደርሰኝ ኖሮ፣ የማላውቀውን ሰው አባቴ ብዬ እቀብር ነበር።